ከመርከቡ በፊት ያለችው ቀን

በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ዓይነት መጓጓዣ አለ ብዬ ብጀምር፣ «ሰውዬው ጡረታ ወጥቶም ማስተማር አልተወውም» ትሉኛላችሁ። እውነታችሁን ነው፣ አልተወኝም። ግን እስቲ ስሙኝ። አንደኛው ሲሞላ የሚሄድ ነው፤ ሁለተኛው ሰዓቱ ሲደርስ የሚሄድ ነው። እኛ ከሚሴዎች ተወልደን ያደግነው በመጀመሪያው ነው። መናኸሪያችን መጥታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ረዳቱ «ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ሲጮህ ሚኒባሱ ውስጥ ያለነው ሦስት ነን፤ ያ «አንድ ሰው» ደግሞ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲመጣ ሲመጣ አያልቅም። እናንተ ግን ምን ቸገራችሁ? ነጠላችሁን ወይም ፌስታላችሁን ወንበሩ ላይ ጣል ታደርጉና ወርዳችሁ ሙዝ ትገዛላችሁ፣ ከአክስታችሁ ልጅ ጋር ትሳሳማላችሁ፣ ማን እንደታመመና ማን እንደዳነ ትጠይቃላችሁ። ሾፌሩ ክላክስ እስኪያደርግ ድረስ የራሳችሁ ጌታ ናችሁ። ነጠላችሁ ተቀምጣለች፤ እናንተም ተቀምጣችኋል ማለት ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ መዘግየት የሚባል ነገር የለም። ገና አልሞላማ!

ሁለተኛው ዓይነት ግን ጨካኝ ነው። አውሮፕላንና መርከብ ሰዓቱ ከደረሰ ባዶውንም ቢሆን ይሄዳል። እኔ ይህን ጉዳይ ዕድሜዬን ሙሉ በጂኦግራፊ መምህርነት ሳስተምር ኖሬያለሁ። ባሕር አይቶ ለማያውቅ ተማሪ፣ ራሴም ባሕር አይቼ ሳላውቅ፣ ወደብ ማለት ምን እንደሆነ በጠመኔ ስዬ አሳይቻለሁ። ተማሪዎቼ አመኑኝ። መቼም ፈተና ላይ ይመጣል ብለው ይሆናል። ያላመነችኝ ጎረቤቴ ዘይነባ ብቻ ናት።

ዘይነባ በዕድሜ ትንሽ ትበልጠኛለች። አንድ ጊዜ አንቱ ልላት ብሞክር «በአንድ አጥር ተደግፈን የምናወራ ሰዎች፣ ምን አንቱ ያስብለናል?» ብላ ከለከለችኝ። ከጨፋ ገበሬዎች ማሽላ እየተረከበች የምትሸጥ፣ ሰኞ ሰኞ ደግሞ ባቲ ወርዳ በርበሬ ይዛ የምትመለስ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ያለቻት አንዲት ልጅ ሐዋ ናት፤ እኔው ያስተማርኳት። ሐዋ አሥረኛን እንደጨረሰች ዓረብ አገር ሄደች፣ ሰው ቤት ሠራች፣ ቋንቋ ለመደች፣ በኋላም ከእነዚያ ሽርሽረኛ ከሚያዞሩ ትልልቅ መርከቦች በአንዱ ላይ ተቀጠረች። እናትና ልጅ ሳይተያዩ ሰባት ዓመት ሆናቸው።

ሁለት ጊዜ ሐዋ «ለአረፋ እመጣለሁ» ብላ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ዘይነባ ቤቱን ኖራ አስቀብታለች፣ በግ ገዝታ ግቢ ውስጥ አስራለች። መጀመሪያ አሠሪዋ ከለከለቻት፤ በሁለተኛው መርከቡ አልለቀቃትም። በጉን ዘይነባ ለጎረቤት አከፋፍላ እሷ ሳትቀምስ ዋለች። እኔ ደርሶኛል፤ ስበላው አንገቴን ደፍቼ ነበር።

ታዲያ ባለፈው ዓመት አንድ ነገር ተሰማ። ያ መርከብ ለሠራተኞቹ አንድ ደግነት አለው፤ እናት ወይም አባት አንዴ በእንግድነት መጥተው ለሳምንት አብረው እንዲጓዙ ይፈቅዳል። መርከቡ የሚነሳው ከዱባይ ነው። ሐዋ ወረቀቱን በስልክ ላከች፣ እኔ ተረጎምኩ፣ ዘይነባ እልል አለች፣ ሰፈሩ ሁሉ መርከብ ልንሳፈር የተነሳን ያህል ተደሰተ። በማግስቱ ሐዋ ለብቻዬ ደወለችልኝ።

«ቲቸር፣ እባክዎ እማን አንድ ቀን ቀድማ እንድትገባ ያሳምኑልኝ። በመርከቡ ቀን አትምጣ።»

«ለምን?» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለችና «ያው… መርከቡ እንዳያመልጣት ነዋ» አለች።

ለአንድ ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም። ዘይነባን አጥሩ ሥር አቁሜ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አስተማርኳት። አውሮፕላን ሊዘገይ እንደሚችል፣ ሻንጣ ሊጠፋ እንደሚችል፣ ፓስፖርት የሚታይበት ሰልፍ ማለቂያ እንደሌለው፣ የአዲስ አበባን መንገድ ተዉት፣ የጣርማ በር ጉም ብቻውን ሰው እንደሚያስቀር ነገርኳት። መርከብ ሲሞላ እንደማይሄድ፣ ሰዓቱ ሲደርስ እንደሚሄድ መሬት ላይ በእንጨት ሣልኩላት። ጨርሼ «ገባሽ?» አልኳት።

«ገብቶኛል» አለች። «ቀድሜ ሄጄ የት አድራለሁ?»

«ሆቴል ነዋ!»

እስር ቤት ያልኳት መሰላት። «እኔ ዘይነባ? ሆቴል?» አለች ደረቷን ይዛ። «ሆቴል የሚያድረው ሰው የሌለው ሰው ነው፣ ቲቸር። ያልፍልኛል ብዬ ሄጄ ሰው የሌላት ልባል?»

«ባቲ ለሰኞ ገበያ እሁድ ወርደሽ አይደል እንዴ የምታድሪው? ያውስ አንድ ቀን መቅደም አይደለም?»

«ባቲማ ፋጡማ አለች!»

እዚህ ላይ ነገሩን ላስረዳችሁ። ፋጡማ ዘይነባ ባቲ ስትወርድ የምታድርባት ወዳጇ ናት። ዘይነባ እዚያ ቤት የራሷ ምንጣፍ፣ የራሷ ውኃ መጠጫ ጣሳ አላት። ፋጡማ ከሚሴ ስትመጣ ደግሞ ዘይነባ ጋ ታርፋለች። እኛ አገር ሰው ወደ አንድ ከተማ አይሄድም፤ ወደ አንድ ሰው ነው የሚሄደው። ከተማው ሰውዬው የተቀመጠበት ቦታ ነው፣ በቃ። «ደሴ የት ታርፋለህ?» ስትባሉ የሰው ስም እንጂ የቤት ስም ከጠራችሁ የሆነ ነገር አጥፍታችሁ የተሰደዳችሁ ነው የሚመስለው።

«ደግሞስ» አለች ዘይነባ ነገሩን ልትጨርስ፣ «ሆቴል አድሬ ስነሳ ማን ‹አካም ቡልቴ› ይለኛል? ግድግዳው?»

«አካም ቡልቴ» የኦሮምኛው «እንዴት አደርሽ» ነው። ከሚሴ ውስጥ ከሁለቱ በአንዱ፣ ብዙ ጊዜም በሁለቱም፣ ሳይጠየቅ ቀኑን የሚጀምር ሰው የለም። እኔም ብሆን ጠዋት በአጥሩ በኩል ካልተጠየቅሁ ያደርኩ አይመስለኝም።

እጅ አልሰጠሁም። «እሺ፣ ዱባይ ሰው እንፈልግልሽ» አልኩ። ገበያው ሁሉ ተጠየቀ። የሚገርማችሁ፣ ሰው ሞልቶ ተረፈ! የዚያችኛዋ ልጅ አለች፣ የዚችኛዋ እህት አለች፣ የበርበሬ ነጋዴው ሁለት ልጆች አሉ። ዘይነባ ደስ ብሏት ስልክ ማስደወል ጀመረች። ሁሉም ልጆች አለቀሱ፣ ሁሉም «እቴቴ፣ ባሳድርሽ እንዴት ደስ ባለኝ» አሉ፣ ሁሉም የሚያድሩት ሰው ቤት፣ በእመቤቶቻቸው ጓዳ ነው። ያ አገር በልጆቻችን ተሞልቷል፤ አንዳቸውም ግን እናት የሚያሳድሩበት በር የላቸውም። ዘይነባ ስልኩን መለሰችልኝና «በመርከቡ ቀን ነው የምሄደው» አለች። «ያን የሚያህል መርከብ እኔን አንዲት አሮጊት ጥሎ ቢሄድ ምን ሊያገኝ ነው? ሐዋዬ ነጠላዋን ቦታዬ ላይ ታስቀምጥልኛለች።»

እኔስ? እኔ ተሸነፍኩ። ተሸንፌም አላበቃሁ፣ ደሴ ድረስ አብሬያት ሄጄ ትኬቱን ያስቆረጥኩት እኔው ነኝ። ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነስቶ ቀትር ላይ የሚገባውን። መርከቡ የሚነሳው አመሻሽ ላይ ነው። የሰውን ባህል ማክበር ማለት ይሄ ነው እያልኩ በራሴ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኛል፣ አልዋሻችሁም። ለሐዋ ደውዬ ስነግራት ስልኩ ጸጥ አለ። «ሃሎ? ሐዋ?» አልኩ። ጸጥ። ቆይታ «እሺ ቲቸር፣ አብሽሩ፣ ምንም አይደል» አለችኝ። ኔትወርኩ ነው ብዬ አለፍኩት። ኔትወርክ ስንቱን ጥፋታችንን ተሸክሞልናል መሰላችሁ!

ዘይነባ ከሚሴን ለቃ አዲስ አበባ የእህቷ ልጅ ቤት አደረች፤ እዚያ ሰው አላታ። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ስልኬን ይዤ ዋልኩ። እውነቱን ለመናገር ውስጥ ውስጡን ሁለት ነገር ነበር የምጠብቀው፤ እንድትደርስ እና እኔም ልክ እንድሆን። ሁለቱ አብረው እንደማይሆኑ ዘንግቼዋለሁ። ከቀትር በኋላ ድምጿ መጣ፤ የተቀዳ መልእክት፣ ከኋላው ጫጫታ።

«ቲቸር! አልሃምዱሊላህ ደረስኩ! አውሮፕላኑ በሰዓቱ ነው የገባው። መርከቡ ላይ ነኝ። ወላሂ ገና ሰው እየሞላ ነው!»

አለቀልኝ። ይህን መልእክት እኔ ብቻ የሰማሁት መስሎኝ ነበር፤ ለእህቷ ልጅም ልካለት ኖሮ እሱ ለከሚሴ አሰማው። ሳምንቱን ሙሉ የባጃጅ ሾፌሮች ባለፍኩ ቁጥር «ቲቸር! መርከቡ ሞላ ወይ?» ይሉኛል። የድሮ ተማሪዬ የሆነ የቢሮ ኃላፊ መንገድ አስቁሞኝ «ያኔ ፈተና ላይ ኤክስ የሰጡኝ ጥያቄ ይታረምልኝ» አለኝ። ሣቅሁ፤ ምን ላድርግ? አውሮፕላኑ አልዘገየም፣ ሻንጣው አልጠፋም፣ ጉሙም የለም። ካልኩት አንድ ነገር እንኳ አልደረሰም።

ዘይነባ ተመለሰች። ፎክራ የምትገባ መስሎኝ ስድቡን ለመቀበል ተዘጋጅቼ ጠበቅኋት። አልፎከረችም። ሦስት ቀን አጥሩ ጋ አልመጣችም። በአራተኛው ቀን እኔው ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። አጠገቧ ተቀመጥኩና እኔም አንድ ጭብጥ ወስጄ መልቀም ጀመርኩ።

«መርከቡ እንዴት ነበር?» አልኳት።

«ከተማ ነው» አለች። «ፎቅ በፎቅ ላይ። ምግቡ አያልቅም። ሰው ሁሉ ሥራ ፈቶ ይበላል።»

«ሐዋስ?»

ከምስሩ ጥቂት ጠጠር አወጣች። ከዚያ ነገረችኝ። ሐዋ መርከቡ ላይ ክፍል ነው የምታጸዳው። ሥራው ከንጋት እስከ ማታ ነው፣ በጉዞው ሳምንት ዕረፍት የሚባል የለም። ሠራተኛ ከእንግዳ ጋር መቀመጥ አይፈቀድለትም፤ እንግዳዋ እናት ብትሆንም እንግዳ ናት። ዘይነባ የመጀመሪያውን ቀን ልጇን ያየቻት ረዥሙ ኮሪደር ላይ ጋሪ ስትገፋ ነው። ተቃቀፉ፤ አለቃዋ ከጫፍ ሲታይ ሐዋ ቀድማ ለቀቀቻት።

«የኔን ክፍል እሷ እንድታጸዳ ለምና አስቀይራ ነበር» አለች ዘይነባ። «ለአንድ ክፍል የተመደበላት ጊዜ አለ፣ በሰዓት የተለካ። መጣች፣ እያወራችኝ አልጋ ታነጥፋለች፣ መታጠቢያ ትፈትጋለች፣ ፊቷን እንኳ በደንብ ሳላያት ጊዜው አለቀ። በማግስቱ ነቃሁ። ሳትመጣ ተነስቼ አልጋውን አነጠፍኩ፣ መታጠቢያውን ፈተግኩ፣ ወለሉን ወለወልኩ። ስትመጣ የሚሠራ ነገር አጣች። ‹ነይ ቁጭ በይ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ› አልኳት። ልጄ ተቀመጠች። ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ ያቺን ትንሽ ጊዜ አሳለፍናት። ሳምንቱን ሙሉ እንዲያ አደረግን።»

«ጎበዝ ነሽ» አልኳት፤ ከልቤ ነው።

«ምን ጎበዝ ነኝ? አልጨረስኩልህም።»

በመጨረሻው ቀን ሐዋ ጭኗ ላይ ሆና አንድ ነገር ነገረቻት። መርከቡ ከጉዞው በፊት አንድ ቀን ወደብ ላይ ያርፋል። ለዚያች ቀን ሐዋ ፈቃድ ጠይቃ ነበር፣ ከጠዋት እስከ ማግስቱ ጠዋት። ሰጧት። ወደቡ አጠገብ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ያዘች። እናቷ እንደማትመጣ ከሰማች በኋላም ክፍሉን አልለቀቀችም። ምናልባት ብላ። ሄዳ ቀኑን ሙሉ አንደኛው አልጋ ላይ ተቀምጣ ሌላኛውን እያየች ዋለች፣ እዚያው አደረች።

ምስሩ እጄ ላይ ቀረ። «ለምን አልነገረችንም?» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አስቀያሚ ሆኖ ተሰማኝ።

«እኔም ጠየቅኋት። ‹ሁለት ጊዜ ለአረፋ እመጣለሁ ብዬሽ ቀርቻለሁ፣ እማ› አለችኝ። ‹ፈቃዱን እስከ መጨረሻው ሰዓት ሊነጥቁኝ ይችላሉ። ሦስተኛ በግ እንዳላሳስርሽ ፈርቼ ነው፤ መጥተሽ እዚያ ብታገኚኝ ይሻላል ብዬ ነው።›»

አፈርኩ። ሌላ ቃል የለውም። ያ ጉም፣ ያ ሻንጣ፣ ያ ሰልፍ፣ መሬት ላይ የሣልኩት ወደብ ሁሉ አፍ አውጥቶ የሳቀብኝ መሰለኝ። ልጅቱ «ለምን?» ስላት ዝም ብላ ነበር እኮ። ትኬቱን ስነግራትም ዝም አለች። ሁለት ጊዜ ዝም ያለችን ልጅ አንዴ «ምን ሆነሽ ነው?» ማለት ሲገባኝ ኔትወርክ አልኩት። መርከቡ አላመለጣትም። ማንም ስለመርከቡ አልነበረም የሚያወራው፤ እኔ ብቻ ነበርኩ።

«እኔን የሚያንገበግበኝ» አለች ዘይነባ ሰፌዱን ወዲያ አድርጋ፣ «ሰው ሳይኖራት ሆቴል አድራ ጠዋት ስትነሳ፣ ማን አካም ቡልቴ አላት?» ከዚያ አለቀሰች። እኔም አላስቻለኝም።

ይህ ሁሉ አምና ነው። ዘንድሮ ሐዋ ውሏ አለቀና ለአረፋ እንደምትመጣ ነገረችን፤ ትኬቱን ፎቶ አንስታ ልካለች፣ ሐሙስ ጠዋት አዲስ አበባ ትገባለች። ዘይነባ ማክሰኞ ካልተነሳሁ አለች። በስንት ልመና ረቡዕ ንጋት አደረግነው፤ እኔም ሻንጣ ተሸካሚ ሆኜ ተከተልኩ። መናኸሪያ ስንደርስ ሚኒባሱ ግማሹ ባዶ ነው። ዘይነባ ነጠላዋን ወንበሩ ላይ ጥላ አልወረደችም፤ ሙዝም አልገዛችም፤ የቀረውን ወንበር ራሷ ከፍላ «ሞልቷል፣ ንዳው!» አለች። ሾፌሩ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም።

አዲስ አበባ ስንገባ ወደ እህቷ ልጅ ቤት ልወስዳት ስል ክንዴን ያዘችኝ። «አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ሆቴል ፈልግልኝ» አለች።

«ሆቴል? ሰው እያለሽ?»

«ሁለት አልጋ ያለው» አለች።

ምክንያቱን መጠየቅ አላስፈለገኝም። ይኸን ያህል እንኳ ተምሬያለሁ። ክፍሉን ያዝኩላት፣ ለራሴ ከጎኗ ያዝኩ። የእህቷ ልጅ ሰምቶ «አዋረድሽኝ እኮ» እያለ በስልክ ቢጮህም አልሰማችውም። «እሷ አንድ ቀን ጠብቃኝ የለም እንዴ? የሷ ዕዳ አለብኝ፤ ያንተን ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብላ ዘጋችው።

ጠዋት በሯን አንኳኳሁ። ለብሳ፣ ታጥባ፣ የአንደኛው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሁለቱም አልጋ ተነጥፏል፤ የቱ ላይ እንዳደረች አይታወቅም። የክፍል ጽዳት ሠራተኛዋ መጥታ የሚሠራ ነገር አጥታ፣ ሌላኛው አልጋ ላይ ተቀምጣ ከእሷ ጋር ታወራለች።

«አካም ቡልቴ?» አልኳት።

«ይቺ ልጅ ቀደመችህ» አለችኝ ዘይነባ።

አውሮፕላኑ ከሰዓቱ ቀድሞ ገባ። እንግዲህ ሰዓቱን ሳይጠብቅ የሚገባ አውሮፕላን አለ ብዬ ለማን አስተምራለሁ? ደግነቱ እኛ ቀድመን እዚያው ነበርን።